ሞላሌ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ይፈላል፦ የውሃ ጠባይና ጤናችን

 

ከሞላሌና ከመንዝ አካባቢ ደጋግሞ ከሚደርሰኝ ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ እኛ ዘንድ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ባቄላው ግን ስንት ሰዓት እሳት ላይ ውሎ አልበስል ይላል። ባቄላ ማብሰል ያቃተው ውሃ ጀርሙን ይገድለዋል ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ላስቀድም፤ አዎ፣ ጀርሙን ይገድለዋል። ባቄላው ያስቸገረበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ የእናንተ ጥፋትም፣ የእንጨቱም፣ የድስቱም ጥፋት አይደለም። የውሃ ጠባይ ነው።

ዛሬ ይህንን ጠባይ ከሥሩ እንየው። የትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅ በተቅማጥ ሲደክም፣ በሙቅ ውሃ ሲቃጠል፣ አራስ ሕፃን በብርድ ሲመታ የሚያድነው ይሄው እውቀት ነው። ብዙዎቻችን ውሃን በዓይናችን እንዳኛለን፤ ከጠራ ንፁህ ነው፣ ከቀዘቀዘ ንፁህ ነው፣ ከፈላ ሁሉም ነገር አለቀ እንላለን። ሦስቱም ሁልጊዜ ልክ አይደሉም።

1. ለመሆኑ ውሃ ምንድን ነው?

የኬሚስትሪ ስሙ ኤች ቱ ኦ ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አተሞችና አንድ የኦክስጅን አተም ተጣምረው አንዲት የውሃ ሞለኪውል ይሠራሉ። ሦስቱ የተደረደሩት ቀጥ ብለው ሳይሆን ጎበጥ ብለው ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ የእሱ ጎን ትንሽ ኔጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ጎን ደግሞ ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዷ ሞለኪውል እንደ ማግኔት ሁለት ጫፍ አላት፤ ጎረቤቷንም ሳብ አድርጋ ትይዛለች። ይህ አያያዝ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል።

አንዱ ትስስር ለብቻው ደካማ ነው። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፣ ሲበዛ ኃይለኛ ይሆናል። ማነጻጸሪያ ልስጣችሁ። እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሞለኪውሉ ከውሃ ይከብዳል። ሆኖም ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ገና ይተናል። ውሃም ይህ ትስስር ባይኖረው ኖሮ በእኛ ሙቀት ጋዝ ይሆን ነበር፤ ምንጭም፣ ወንዝም፣ በሥራችን የሚሄድ ደምም ባልኖረን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች ትንሽ ትስስር የሚመጣ ነው።

2. መፍላት፦ «ፈላ» ማለት «100 ዲግሪ ደረሰ» ማለት አይደለም

ውሃ የሚፈላው ውስጡ ያለው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ፣ አየሩ ከባድ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን አየሩ ይሳሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል።

በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ሞላሌ ደግሞ የአየሯ ግፊት የባሕር ጠለሉን 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ድስት የሚጥድ ሰው ቢኖር 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላለት ነበር።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታነዱት፣ ብትቆሰቁሱት ሙቀቱ ከ90 አይዘልም። የጨመራችሁት እንጨትና ኩበት የሚሄደው ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ነው። «ጨው ጨምሩበት፣ ሙቀቱ ይጨምራል» የሚሉም አሉ፤ ለወጥ የምንጨምረው ጨው የመፍያውን ነጥብ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ከፍ አያደርገውም።

ጀርሙስ? የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያዎች፣ አሜባና ጃርዲያም ጭምር፣ 90 ዲግሪን አይቋቋሙም። ፋብሪካ ውስጥ ወተት የሚታከመው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብቻ መሆኑን አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው በደንብ እስኪንተከተክ ማፍላት በቂ ነው ይላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ 3 ደቂቃ ይመክራል። እኔም ለሞላሌ ሰው የምመክረው 3 ደቂቃውን ነው። ከዚያ በላይ ማንተክተክ ማገዶ ማባከን ነው።

ባቄላውስ? ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ የሚበስሉት በውስጣቸው በሚካሄድ የኬሚካል ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲቀንስ በግምት በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ የሞላሌ ንፍሮ ረጅም ሰዓት ቢፈልግ አይግረማችሁ። መፍትሔው፦

- ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ የዘፈዘፋችሁበትንም ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል።
- ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ። ሙቀቱ ያው ነው፤ ማገዶው ግን ይተርፋል።
- የሚቻል ከሆነ ፕሬዠር ኩከር መጠቀም። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ሞላሌ ላይም ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።
- ቦሎቄን በጥሬነቱ ወይም በግማሽ ብስል አለመብላት። ያልበሰለ ቦሎቄ ውስጥ ያለው ሌክቲን የሚባል መርዝ ከባድ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መፍላት የማይገድላቸው ነገሮችም አሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ሸፍኖ ስፖር ሲሆን የፈላ ውሃ ላይረታው ይችላል፤ 90 ዲግሪ ደግሞ ከ100ም ያንሳል። ጤና ተቋም ውስጥ መሣሪያ በአውቶክሌቭ፣ በግፊት፣ 121 ዲግሪ ላይ የሚታከመው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ምላጩን ቀቅለነዋል» ብላችሁ በቤት ውስጥ እትብት አትቁረጡ። ወሊድ በጤና ተቋም ይሁን፤ ነፍሰ ጡሯም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን ትውሰድ።

3. ማሟሟት፦ የጠራ ሁሉ ንፁህ አይደለም

ውሃ ሁለት ጫፍ ስላለው ጨውን፣ ስኳርንና ብዙ ማዕድናትን ከሁለቱም ወገን እየያዘ ይበትናቸዋል። የተሟሟ ነገር ደግሞ ለዓይን አይታይም። ጨው የተሟሟበትን ብርጭቆ ካልቀመሳችሁት ከሌላው አትለዩትም። ጀርምም ያው ነው፤ በጠራ ውሃ ውስጥ ብዙ ሺህ ቢኖር ለዓይን ምንም ነው።

መንዝ ላይ ይሄ ያታልላል። ጓሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሳሩና አፈሩ ዝናቡንና ጉሙን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዘውና ቀስ እያለ ወደ ምንጮቹ ይለቀዋል። የሀገሬው ሰው ለዘመናት በሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ይህ ቦታ የብዙ ወንዞችና ጅረቶች መነሻ ነው። ከዚህ ዓይነት ደጋ የሚወጣ ውሃ ብርጭቆ ይመስላል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይጣፍጣል። ነገር ግን ከምንጩ በላይ ከብትና በግ ከተሰማራ፣ ሜዳ ላይ ከተጸዳዳን፣ መጀመሪያው ዝናብ ሁሉንም አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ ከጎለበተ ምንጭ ወይም ከቧንቧ ቅዱ፤ ካልሆነ አፍሉ፣ ወይም በክሎሪን አክሙ።

ከማሟሟት ጠባይ ጋር የተያያዙ አራት ነገሮችን ልብ በሉልኝ።

ሀ) ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ)

ልጅ ሲያስቀምጠው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጀርሙ ራሱ ሳይሆን የውሃና የጨው እጥረት ነው። ባዶ ውሃ ብቻ ከሰጠነው አንጀቱ በደንብ አይወስደውም። ስኳርና ጨው በልክ ሲሟሙ ግን አንጀት ሁለቱን አብሮ ይስባል፤ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ቀላል ነገር ነው፤ በዓለም ላይ ግን ሚሊዮኖችን አድኗል።

አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጡ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ ብትለኩ አትሳሳቱም። ውሃውን መጀመሪያ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ በጥብጡ፤ ከበጠበጣችሁት በኋላ አታፍሉት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ውሃውን ማሳነስ አደገኛ ነው፤ ጨው ከበዛ ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይወጣና ተቅማጡ ይብሳል። ከረጢቱ ከጠፋ ለአንድ ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የጡት ወተቱ አይቋረጥ፤ ዚንኩንም ከጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ለ) እንቅርትና ደጋ

ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት በተራራ ላይ ሲወርድ አዮዲንን ከአፈሩ አሟሙቶ ወደ ቆላና ወደ ባሕር ይወስደዋል። ደጋ ላይ የበቀለ እህልና የሚጠጣ ውሃ አዮዲን የሚያንሳቸው፣ እንቅርትም ተራራማ አገር ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። ጉዳቱ የአንገት እብጠት ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲጎድላት የልጁ አእምሮ ይጎዳል፤ ያ ደግሞ ኋላ አይመለስም።

ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥታለች። እኛ ቤት ውስጥ ግን እናጠፋዋለን። ጨው ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ እርጥበት ባለበት ከፍቶ ማስቀመጥ፣ ወጡ ገና ሲጣድ ጨምሮ ረጅም ሰዓት ማንተክተክ፣ እነዚህ ሁሉ አዮዲኑን ይቀንሱታል። እናንተ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ሞላሌ ላይ ወጥ እሳት ላይ ስለሚቆይ ይሄኛው በይበልጥ ይመለከታችኋል።

ሐ) ጓያ

ዝናብ ባጠረበት ዓመት ጓያ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። ብዙ ቦታ «ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው የሚመታው» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። መርዙ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ከእንፋሎት ጋር አይወጣም። ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት ነው። በውሃ የሚሟሟ መሆኑ ግን ይጠቅመናል፤ ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎም የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት መርዙን በጣም ይቀንሰዋል። ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉት፤ ዋና ምግብም አታድርጉት።

መ) ማፍላት የማያወጣቸው ነገሮች

የተሟሟ ማዕድን በመፍላት አይጠፋም። ውሃው ተንኖ ሲቀንስ እንዲያውም ይወፍራል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂንና መተሐራን በመሳሰሉ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ ቡናማ ያደርጋል፤ ሲከፋም አጥንትን ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወደዚያ ለሥራ የሄደ ዘመድ ካላችሁ «አፍልተህ ጠጣ» የሚለው ምክር ለፍሎራይድ እንደማይሠራ ንገሩት፤ ፍሎራይዱ የተቀነሰለትን ውሃ ይፈልግ።

4. ሙቀት መያዝና ትነት፦ ከቃጠሎ እስከ አራስ ቤት

ውሃ ለመሞቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ የያዘውንም ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ሰውነታችን ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በውርጭ ብንሆንም ሙቀታችን 37 አካባቢ ይረጋል። ይሄው ጠባይ ግን ሁለት ስለት አለው።

ቃጠሎ፦ የፈላ ውሃ፣ ወጥ ወይም ወተት ልጅ ላይ ቢፈስ የያዘው ሙቀት ብዙ ስለሆነ ወደ ውስጥ ዘልቆ ያቃጥላል። «እኛ ጋ 90 ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ 70 ዲግሪም ቢሆን የልጅን ቆዳ በቅጽበት ያቃጥላል። እንፋሎት ደግሞ ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚለቅ ይብሳል፤ አክንባሎና የድስት ክዳን ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ። ቃጠሎ ሲደርስ ወዲያውኑ ንፁህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ሙቀት የሚስበው ውሃ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እበት አትቀቡት፤ በረዶም አታድርጉበት። መንዝ ብርድ ስለሆነ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ እያቀዘቀዛችሁ የቀረውን የልጁን ሰውነት በደረቅ ልብስ ጠቅልሉት።

አራስ ሕፃን፦ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላብ የሚያበርደን በዚሁ ነው። አሁን በሽርት ውሃ ርሶ የተወለደን ሕፃን በሞላሌ የኅዳር ብርድ አስቡት። ያ ውሃ የሚተነው በሕፃኑ ሙቀት ነው። ስለዚህ እንደተወለደ ወዲያው ይድረቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይደረግ፣ ኮፍያ ይልበስ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይታጠብ። «ንፁህ ይሁን» ተብሎ ወዲያው የሚታጠብ ሕፃን ሙቀቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

እርጥብ ልብስ፦ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ዝናብ የመታው እረኛ በእርጥብ ልብሱ ንፋስ ላይ ከተቀመጠ ውርጭ ሳይኖርም ሙቀቱ አደገኛ ደረጃ ይወርዳል። የበግ ጸጉር ትንሽ ቢረጥብም አየር ስለሚይዝ ከጥጥ ይሻላል፤ የመንዝ ሰው ባናን የመረጠው በከንቱ አይደለም። ልጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚንተባተብ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ከሆነ እርጥቡን አውልቃችሁ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ነቅቶ ካለም የሞቀ ነገር አጠጡት። «ያሞቃል» ብሎ አረቄ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ከፍቶ ሙቀቱን ያስወጣል።

ትንፋሽ፦ ጧት ከአፋችሁ እንደ ጭስ የሚወጣው የሰውነታችሁ ውሃ ነው። የደጋ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውሃ ይወስድባችኋል፤ ብርዱ ደግሞ ጥማችሁን ይደብቃል። ሽንታችሁን እዩ፤ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሷችኋል።

5. መቀዝቀዝና በረዶ

አብዛኛው ነገር ሲጠጥር ይከብዳል፤ ውሃ ግን በተቃራኒው ነው። ከ4 ዲግሪ በታች መልሶ እየሰፋ ይሄዳል፤ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የመታው ባቄላ የሚጠቁረውም የበረዶው ቅንጣት የቅጠሉን ሴሎች ስለሚያፈርሳቸው ነው። ውጭ ያለ የቧንቧ መስመርም በዚያው ምክንያት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከጤና አንጻር ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አያጸዳም፤ በረዶ የሠራ ውሃም ሳይታከም አይጠጣ። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ይስባል፤ ከጥገና በኋላ የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ፣ አፍስሱት።

እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎችን ለምትጠቀሙም ምክር አለኝ፦ ክሎሪን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘገያል። በተለምዶ 30 ደቂቃ ይባላል፤ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓት ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አጥልላችሁ ጨምሩ። መጠኑን እንደ ጽሑፉ አድርጉ።

ማገዶ ለቸገረውም አማራጭ አለ። ውሃ ብርሃን ያሳልፋል፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ አልትራቫዮሌቷ ኃይለኛ ነው። የጠራ ውሃ ከሁለት ሊትር ባልበለጠ ንፁህና ቀለም አልባ ሃይላንድ ሞልታችሁ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ብታስተኙት አብዛኛው ጀርም ይሞታል። ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ክረምት ላይ ግን አትመኑት።

6. ውሃና ሳሙና

የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃው ገጽ እንደ ቆዳ ይወጠራል፤ ትንንሽ ነፍሳት ሳይሰምጡ ላዩ ላይ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ቅባትንም ውሃ አይወደውም። ስለዚህ እጅን በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ቅባቱንና የተጣበቀውን ጀርም ይተወዋል። ሳሙና አንድ ጫፉ ቅባት ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይይዛል፤ አስታራቂ ነው ማለት ይቻላል።

እናቶቻችን ይህንን በእንዶድ ያውቁት ነበር። እንዶድ የሚያረፋው በውስጡ ያለው ሳፖኒን እንደ ሳሙና የውሃውን ገጽ ስለሚያላላ ነው። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል።

ደጋ ላይ ብርዱ ከመታጠብ ያሸሸናል፤ ቅማልም ይመጣል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦና ግርሻ ያመጣል። የሚታጠበውን ልብስ ከ55 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ቅማሉም ቅጫሙም ይሞታል። ለማጠብ የሚከብደውን ባና ደግሞ አሥራችሁ ለሁለት ሳምንት ማንም ሳይለብሰው አስቀምጡት፤ የሰውነት ቅማል ደም ካላገኘ በሕይወት አይቆይም። እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ፤ ሳሙና ከጠፋ በአመድ።

7. ውሃ ይከብዳል

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ማለት ነው፤ ዳገት ላይ፣ በሴት ልጅ ጀርባ። ነፍሰ ጡርና አራስ ይህንን አትሸከም። የወገብ ሕመም ብቻ ሳይሆን የማኅፀን መውጣትንም ያባብሳል። በአህያ ይጫን፣ ወንዶችም ቅዱ። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው የሚል ሕግ ፊዚክስም ሕክምናም አላወጡም።

8. ስለ «አልካላይን ውሃ» አንድ ቃል

ንፁህ ውሃ አሲድም ቤዝም አይደለም፤ ፒኤች 7 አካባቢ ነው። በውድ ዋጋ የሚሸጠውና «ካንሰር ይከላከላል» የሚባልለት አልካላይን ውሃ ጨጓራችሁ ሲደርስ ኃይለኛ አሲድ ይጠብቀዋል። የደማችሁን ፒኤች የሚያስተካክሉት ሳንባና ኩላሊት ናቸው። ገንዘባችሁን ለሳሙናና ለአዮዲን ጨው አውሉት።

ባጭሩ፦

- ሞላሌ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከተንተከተከ 3 ደቂቃ ለጀርም ይበቃል፣ ለጥራጥሬ ግን ሰዓት ጨምሩ።
- የጠራና የቀዘቀዘ ማለት ንፁህ ማለት አይደለም።
- መፍላት ጀርም ይገድላል፤ የተሟሟ ማዕድን አያወጣም።
- ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።
- ጨው አዮዲን ያለበት፣ ወጥ ሊወጣ ሲል።
- ቃጠሎ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፤ አራስ ሕፃን ላይ ደግሞ ድርቀትና የእናት ገላ።
- የታከመ ውሃ ክዳን ባለው ጠባብ አፍ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ እየነከራችሁ አትቅዱ።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንት ካቆመ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም እንቅልፍ ካበዛ አትጠብቁ። ኦ.አር.ኤሱን መንገድ ላይ በትንሽ በትንሹ እያጠጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጅ ዘመድ፣ በተለይ ለእናቶች አካፍሉልኝ፤ ስልክ ለሌላቸውም አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እንደ ጊዜዬ እመልሳለሁ።